የሐሙስ ከሰዓት ኮርሴ፦ የጥንት ሮምን በእግር

ሮም ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ለሲኞራዬ፣ ለአሠሪዬ ማለት ነው፣ መድኃኒት ልገዛ ስሄድ በፓንቴዮን፣ በዚያ ባለ ጉልላቱ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ በር ስንቴ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ግን ገብቼ አላውቅም። ዘንድሮ ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴን ሰዋሁና ስለ ጥንት ሮም ጥበብና ሕንፃ የሚያስተምር ኮርስ ተመዘገብኩ። አራት ሐሙስ ነው፤ በእግር፣ በጣልያንኛ። 90 ዩሮ ከፈልኩ፤ አላንገበገበኝም።

ፓንቴዮን ስንገባ ሁላችንም አንጋጠጥን። አስተማሪዋ «መጀመሪያ ወለሉን እዩ» አለች። እብነ በረዱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የጉልላቱ አናት ክፍት ስለሆነ ዝናቡ ይገባል፤ ውሃው በነሱ ይወርዳል። ከዚያ ቀና አልን። ስፋቱ 43 ሜትር፣ ከወለሉ እስከ አናቱም ያው 43። ኮንክሪት ነው፤ ውስጡ ብረት የለም! ታች ከባድ ድንጋይ ቀላቀሉበት፤ ወደ ላይ እያቀለሉት ሄዱ። አናቱ ላይ የገባው ያ ቀዳዳ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ተረከዛችንን የምንፈገፍግበት ዓይነት። ውፍረቱም ታች ከ6 ሜትር በላይ ሆኖ ላይ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። እኔ እዚህ ላይ ነው ልቤ የተሰረቀው። (የሮም ነዋሪ ከሆናችሁ መግቢያው ነፃ ነው፤ መታወቂያ ያዙ። የኮርሱ ሰዎች አልነገሩንም።)

ሁለተኛው ሐሙስ ከሸፈ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት የትራያኑስ ዓምድ ሥር ፀሐይ ላይ ገትረውን የጆሮ ማዳመጫው መንጫጫት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ113 የቆመ ዓምድ ነው፤ ዳሲያ ላይ (የዛሬዋ ሩማንያ አካባቢ) ያካሄደው ጦርነት ከታች እስከ ላይ እየተጠመጠመ ተቀርጾበታል። ከመሬት ሆኖ ላይኛውን ማን ያየዋል? አንገቴ ተቆለመመ፣ አንድ ቃል አልሰማሁም። «ቡድኑ ከ12 አይበልጥም» ተብሎም 20 ነበርን።

ሦስተኛው ሞንቴማርቲኒ ነው፤ የድሮ የመብራት ኃይል ማመንጫ ውስጥ ያለ ሙዚየም። ነጭ ሐውልቶች ከጥቁር ሞተር ጎን ቆመዋል። ለዚህ ብቻ እንኳ ድጋሚ እከፍላለሁ።

መጨረሻ ቺርኮ ማሲሞን፣ የጥንቱን የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ፣ አይተን ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ በኩል ስንወጣ እግሬ አልሄድ አለ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ መግባቱን ጎኔ ላለችው ስነግራት አስተማሪዋ ሰማችኝ። ማይኳን አውልቃ ሰጠችኝ። የዚያን ቀን ማዳመጫው ጥርት ብሎ ይሠራ ነበር።