የመብራት ሂሳብ በምን ይከፈል? የሞከርኳቸውን መንገዶች ልንገራችሁ

የመብራት ሂሳብ መክፈያው መንገድ በዝቷል። መስኮት ላይ በጥሬ ገንዘብ አለ፣ በወኪል ሱቅ አለ፣ በሞባይል ገንዘብ፣ በባንክ መተግበሪያ፣ ከሂሳብ በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ በማድረግ፣ ደግሞም አስቀድሞ በመሙላት። ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቱ ይፈጥናል ብሎ ነው። እኔ በፍጥነት አልመዝናቸውም፤ ሁሉ ነገር በሰላም በሚሄድበት ቀን አብዛኞቹ ፈጣን ናቸው። የምመዝናቸው ገንዘቡ ከእጄ ወጥቶ ክፍያው ሳይመዘገብ ወይም መብራቱ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ያኔ ምን ማስረጃ በእጄ አለ? ማንን ነው የማናግረው? ነጥብ የምሰጠው በዚህ ነው።

ከቅድመ ክፍያ ቆጣሪው ልጀምር። ብዙ የሚወራለትም፣ አሠራሩ ብዙም የማይነገርለትም እሱ ነው። አንዱ ዓይነት ካርዱን ይዛችሁ ሄዳችሁ የምታስሞሉበትና መልሳችሁ ቆጣሪው ላይ የምታስገቡት ነው። ይሄ ደህና ነው፤ ግን ካርዱ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ገንዘብ ቢኖራችሁም አትሞሉም፣ ስለዚህ ካርዱ ቤት ውስጥ አንድ የታወቀ ቦታ ይኑረው። ሌላው ዓይነት ከፍላችሁ 20 አሃዝ ያለው ኮድ የሚላክላችሁና በቁልፎቹ የምትጽፉት ነው። እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው፤ ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳ።

በብዙ አገሮች ያሉት የኮድ ቆጣሪዎች የሚሠሩት ኤስ ቲ ኤስ በሚባል ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው። ኮዱ ዝም ብሎ የወጣ ቁጥር አይደለም። የገዛችሁት የኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ፍጆታ መለኪያው ነው) መጠን በምስጢር ተቆልፎ ውስጡ አለ፣ ቁልፉም ከሻጩ ሲስተም ሌላ ያለው እናንተ ቆጣሪ ውስጥ ብቻ ነው። ቆጣሪው ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሲም ካርድ አይፈልግም፤ ኮዱን ራሱ ፈትቶ ይሞላል። የእናንተ ኮድ ጎረቤት ቤት አይሠራም። አንዴ የገባ ኮድም ሁለተኛ አይገባም። ይህ ማለት መልእክቱ ቢጠፋባችሁ ሻጩ ያንኑ ኮድ ደግሞ ቢልክላችሁ ማንም አይጎዳም፣ ስለዚህ "አንዴ ልከናል፣ አለቀ" የሚል መልስ አትቀበሉ።

ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። ገንዘቡ ከሂሳቤ ወጣ፣ ኮዱ አልመጣም። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት "ከእኛ ወጥቷል" አለኝ፣ መብራት ሻጩ ደግሞ "የቆጣሪ ቁጥሩንና የክፍያ ቁጥሩን አምጣ" አለኝ። ሁለቱም ስልኬ ላይ ነበሩ። ሲፈልጉት ኮዱ ከተሠራ ቆይቷል፣ ያልደረሰው አጭር መልእክቱ ብቻ ነው። በስልክ አራት አራት አሃዝ እያደረጉ አነበቡልኝ፣ ጻፍኩት፣ ሞላ። ለዚህ ነው የክፍያ ቁጥር ያለበትን መልእክት ስልክ ለማጽዳት ተብሎ መሰረዝ የለበትም የምለው፤ ቢያንስ ኮዱ ቆጣሪው ላይ እስኪገባ ድረስ።

ስለነዚህ ቆጣሪዎች ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እያንዳንዱ ኮድ የተሠራበትን ሰዓት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከ1993 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ በደቂቃ ነው። ለዚህ ቆጠራ የተተወው ቦታ ከ16 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ስለነበር ኖቬምበር 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሞላ (በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 2017)። ከዚያ በፊት ሁለት ልዩ ኮዶች ገብተውለት ወደ አዲሱ ቆጠራ ያልተሸጋገረ ቆጣሪ አዲስ የተገዛ ኮድ አይቀበልም። አዲሱ ቆጠራ ከ2014 እ.ኤ.አ. ስለሚነሳ እስከ 2045 ያደርሳል። ጉዳዩ ያለፈ ይመስላል፣ ግን ለረጅም ጊዜ ሰው ያልኖረበት ቤት የምትገቡ ከሆነ ያልፋችኋል ማለት አይደለም። ከፍላችሁ ቆጣሪው ኮዱን አልቀበልም ካለ ደጋግማችሁ ከመግዛታችሁ በፊት "ይሄ ቆጣሪ ወደ አዲሱ ቆጠራ ተሸጋግሯል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በተጨማሪም ከልዩዎቹ ኮዶች በፊት ተገዝቶ ሳይገባ የቀረ አሮጌ ኮድ ካላችሁ ከለውጡ በኋላ አይሠራም፤ ደረሰኙን ይዛችሁ ማስቀየር ነው።

የቅድመ ክፍያ ጉድለቱስ? በእኩለ ሌሊት ያልቃል። ምግብ እሳት ላይ እያለ ያልቃል። ሰው "ገንዘቤን በላው" የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ግዢ ላይ ነው፤ በብዙ ቦታ የወሩ ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ ወይም ውዝፍ ካለ እሱ መጀመሪያ ይነሳና በቀረው ነው የሚሞላው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የገንዘቡን ድምር ሳይሆን የኪሎዋት ሰዓቱን ቁጥር እዩ። ባለ 2000 ዋት ምድጃ ግማሽ ሰዓት ከበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ጨረሰ ማለት ነው፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ያንኑ ለመጨረስ 100 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን የያዘ ሰው የሞላው ለስንት ቀን እንደሚሆነው ከሞላ ጎደል መገመት ይችላል። ታሪፉ ብዙ ለሚጠቀም ከፍ እያለ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ የብዙ ወሩን በአንድ ጊዜ መግዛት አንዳንዴ ያስወድዳል፣ እሱን ቀድማችሁ አጣሩ።

ወደ ሞባይል ገንዘብ ስንመጣ፣ ኤም-ፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ሲጀመር ሰው የሚያውቀው ገንዘብ መላኪያነቱን ነበር፤ አሁን እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ባለበት ሁሉ ቢል መክፈል የዕለት ሥራው ሆኗል። ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክም፣ በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚሠራ መሆኑ ነው። መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩም አብሮ ሲሄድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ የቆጣሪ ወይም የደንበኛ ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ የደንበኛው ስም ይወጣል። ያንን ስም ሳታነቡ ሚስጥር ቁጥራችሁን አታስገቡ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ የሌላ ሰው ቤት ነው የምታበሩት፣ ማስመለሱም ቀላል አይደለም። ስም የማያሳይ አገልግሎት ከሆነ ከእኔ ዝቅተኛ ነጥብ ነው የሚያገኘው፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም።

የባንክ መተግበሪያውም ያው ነው ማለት ይቻላል። የሚበልጠው ደረሰኙ በፋይል መልክ መቀመጡና ከዓመት በኋላም ፈልጎ ማግኘት መቻሉ ነው። የሚያንሰው ደግሞ ክፍያው መብራት ሻጩ ዘንድ እስኪመዘገብ አንዳንዴ መቆየቱ ነው፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ወይም በዓል ሲሆን። የመጨረሻዋን ቀን ጠብቆ ለሚከፍል ሰው አልመክረውም። እናንተ በሰዓቱ ከፍላችሁ እዚያ ግን በማግስቱ ከተመዘገበ ቅጣቱ ሊመጣባችሁ ይችላል።

በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው እናንተ ለባንኩ "በየወሩ ይህን ያህል ላክ" የምትሉበት ነው፤ መጠኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሌላው መብራት ሻጩ ራሱ ቢሉን አይቶ ከሂሳባችሁ የሚወስድበት ነው፤ መጠኑን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለተኛው መርሳት ለሚያበዛ ሰው እውነተኛ እፎይታ ነው። ችግሩ ያለው ቢሉ ትክክል ባልሆነ ጊዜ ነው። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ በር ተዘግቶ ካገኘ ቢሉ በግምት ይሠራል። ግምቱ ቢበዛም ገንዘቡ ከሂሳብ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የምታውቁት። ግምቱ ከእውነተኛው ካነሰ ደግሞ የባሰ ነው፤ የወራቱ ልዩነት ተጠራቅሞ እውነተኛው ንባብ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ስለዚህ በራሱ የሚቆረጥ የመረጠ ሰው ቆጣሪውን ራሱ ማንበብ አለበት። ከባድ አይደለም። የዛሬውን ቁጥር ባለፈው ቢል ላይ ካለው ንባብ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ የተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት ነው። አሮጌዎቹ ቆጣሪዎች ላይ ብዙ ጊዜ በቀይ የሚታየው የመጨረሻው አሃዝ ከነጥብ በኋላ ያለው ነው፣ እሱን ተዉት። በወር አንዴ የቆጣሪው መለያ ቁጥር አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ቅሬታ ስታቀርቡ "በዝቶብኛል" ከማለት ይህ ፎቶ ይበልጣል፤ ሰው የሚከራከረው ከእናንተ ጋር ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ይሆናል።

በክሬዲት ካርድ መክፈል የሚቻልበት ቦታም አለ። ተጨማሪ ክፍያ ካለው ለመብራት አይገባም፣ ወለድ እየወለደ የሚከርም ከሆነ ደግሞ ባለፈው ወር የፈላ ሻይ ዕዳ መሸከም ነው። አልወደድኩትም።

መስኮት ላይ መክፈልን ኋላ ቀር የሚሉት ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም። ወረፋ አለው፣ "ሲስተም የለም" የሚባል ነገርም አለው፣ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ግን ስልክ የማይጠቀሙ እናቶችና አባቶች አሉ፣ እነሱን ገፍቶ የሚያስወጣ አገልግሎት ጥሩ ሊባል አይችልም። ደግሞም የቢል ክርክር ያለበት ሰው ፊት ለፊት የሚያናግረው ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው። የሚሰጣችሁ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተመው ዓይነት ስስ ወረቀት ከሆነ ጽሑፉ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፣ የዚያኑ ዕለት ፎቶ አንሱት። ወኪል ሱቅ ላይ ደግሞ ደንቤ አንድ ነው፦ ደረሰኙ ወይም መልእክቱ እዚያው ቆሜ እያለሁ ካልመጣ ገንዘቡን ይዤ እሄዳለሁ። "ኔትወርክ ሲመጣ እከፍልልሃለሁ፣ ተወው" የሚል ባለሱቅ ሰውዬው ታማኝ ቢሆን እንኳ ለእሱም ለእኔም ጥሩ አይደለም።

ስለ ማጭበርበሩም ሳልል አላልፍም። "ዛሬ ማታ መብራትዎ ይቆረጣል፣ አሁኑኑ እዚህ ይክፈሉ" የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ከመጣ አትንኩት። ዕዳ መኖር አለመኖሩን ራሳችሁ በምታውቁት መተግበሪያ ገብታችሁ እዩ። ክፍያውም ወደ ግለሰብ ስልክ ቁጥር ላኩ የሚል ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀለት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ በስልክ ካሜራ የሚቃኝ ኮድ (QR) ስትጠቀሙም የሚወጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ፣ በላዩ ላይ ሌላ የሚለጥፉ አሉ።

አሁን ለራሴ ቤት የምጠቀመው የኮድ ቆጣሪውን ከሞባይል ገንዘብ ጋር ነው፤ ማስረጃው ስልኬ ላይ ይቀራል፣ የጠፋ ኮድም ይገኛል፣ የግምት ቢል የሚባል ጣጣ የለም። ደመወዙ በተወሰነ ቀን ለሚገባና ቆጣሪውን ለሚያነብ ሰው በራሱ የሚቆረጠው ይሻለው ይሆናል። ራቅ ብለው ለሚኖሩ ወላጆቻችሁ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ ኮዱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በከፋዩ ስልክ መሆኑን አትርሱ። በመልእክት ላኩላቸው፣ ከዚያ ደውሉና ቆጣሪው አጠገብ ቆመው አራት አራት አሃዝ እያላችሁ አብራችሁ አስገቡት፤ አንዳንዱ ቆጣሪ ስህተት ከተደጋገመበት ለጊዜው ይዘጋልና አታጣድፏቸው። የሞላችሁት መጠን ቆጣሪው ላይ መጨመሩን እስኪነግሯችሁም ስልኩን አትዝጉት።