ቅዳሜ ምሳ ድሬ ላይ፦ ቀፊራ አጠገብ ያለችው ሀኒድ ቤት

ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ምሳ ስንወጣ አንድን ቤት የምመዝነው በሁለት ነገር ነው። ምግቡ ከአንድ ትሪ ለሁላችን ይሆናል ወይ? ተቀምጠን ስናወራስ እንሰማማለን ወይ? ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጌጥ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሁለቱንም የሚያሟላ ቤት ያለ ይመስላችኋል እንጂ ስትፈልጉት ብዙ አይደለም።

ለዚህ ነው መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳትርቅ ያለችውን፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ምድጃ የበሰለ ሥጋ የምታቀርበውን ሀኒድ ቤት ለጠየቀኝ ሁሉ የምጠቁመው። ታፔላ የላትም። የባጃጅ ሾፌሩን «ቀፊራ ጋ ያለችው ሀኒድ ቤት» ብትሉት ሌላ ሳይጠይቅ ያደርሳችኋል። ከውጭ ምንም አትመስልም፤ ሰማያዊ የብረት በር፣ ደጁ ላይ የተደረደሩ ባጃጆች፣ በቃ። ገባ ስትሉ ግን ሰፊ ግቢ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ምንጣፍ የተነጠፈበት መደብ አለ። በቡድን ከሄዳችሁ መደቡን ያዙ። ጫማ አውልቆ፣ እግር አጣጥፎ፣ ትሪውን መሃል አድርጎ መብላት ሌላ ነገር ነው፣ ማንም ጥግ ላይ ተገፍቶ ከወሬው አይቀርም።

አሁን ወደ ሀኒዱ። የፍየል ሥጋ ነው፣ አንዳንድ ቀን በግም ይኖራል። ጠዋት ይቀመምና መሬት ውስጥ ወደተቆፈረው ምድጃ ይገባል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ዳር ዳሩ በጭቃ ይመረጋል። ከዚያ ለሰዓታት ማንም አይነካውም፣ በፍሙ ሙቀትና በራሱ ስብ ነው የሚበስለው። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ጭቃው ተሰብሮ ክዳኑ ሲነሳ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ወደዚያ ያያል። ሥጋው ሲቀርብ ላዩ ቡናማ ነው፣ ትንሽ ደረቅ ብሏል፤ ታፋውን በሁለት ጣት ሳብ ስታደርጉት ግን አጥንቱ ባዶውን ይወጣል፣ ከስር ያለው ሥጋ ክር ክር እያለ ይለያል። ጎድኑ ደግሞ ስቡ ቀልጦ አልቆ ጨው ጨው የሚል ስስ ሽፋን ብቻ ቀርቶበታል። እኔ ጎድኑን ነው የምመርጠው። ጓደኞቼ ታፋ ታፋ ይላሉ፣ ስለዚህ አንጣላም።

ሩዙም ለብቻው መወራት አለበት። ረጅሙ ሩዝ ነው፣ ሄልና ቀረፋ ገብቶበታል፣ ከላዩ ዘቢብና ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ሽንኩርት ተነስንሶበታል። ፍሬ ከፍሬ አይጣበቅም። ከጎኑ በስባስ ይመጣል፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አንድ ላይ የተፈጩበት፣ ዓይን የሚያስለቅስ። ሙዝም ይመጣል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሌ ሙዙን ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል። አታስቀምጡት! ቆረጥ አድርጋችሁ ከሩዙ ጋር ጉረሱት፣ የበስባሱን ቃጠሎ የሚያበርደው እሱ ነው። አንዴ የለመደ ሰው ያለ ሙዝ ሩዝ አይበላም።

ሀኒድ የየመን ምግብ ነው። ድሬ ላይ ግን የቤት ልጅ ከሆነ ቆይቷል፣ ምክንያቱም ከተማዋ ራሷ እንዲህ ነው የተሠራችው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ነበር የሚባለው፣ ሐዲዱን ሽቅብ ተራራውን አስወጥቶ ሐረር ማድረስ ከባድ ስለነበር ቆላው ላይ ቀረ፣ ጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። ከሐዲዱ ጋር አረቡ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ መጣ። ዛሬ ጠዋት ፉልና ፈጢራ፣ ቀን ሀኒድ ወይ ፓስታ፣ አመሻሽ ላይ ሳምቡሳና ባጊያ ብንበላ ለማናችንም ብርቅ አይደለም። የእኛም ትሪ ዙሪያ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው አብሮ ይቀመጣል፤ ሥጋው ሐላል፣ መጠጡ ለስላሳና አምቦ ውሃ ነው። ቢራ ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ፣ እዚህ የለም፣ ባይኖርም ምንም አልጎደለን።

መስተንግዶው ፈጣን ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐቀኛ ነው። አስተናጋጁ ትዕዛዛችንን በአማርኛ ይቀበላል፣ ወደ ማድቤት በሶማሊኛ ይጮሃል፣ በሩ ላይ ከቆመው ባለባጃጅ ጋር በኦሮምኛ ይከራከራል። ባለፈው አምስት ሆነን ሄደን ሦስት ኪሎ ስንል «አቦ፣ ሁለት ይበቃችኋል፤ ካነሰ ትጨምራላችሁ» አለን። በቃን፣ እንዲያውም ተረፈ። እንዲህ የሚል አስተናጋጅ ያለበት ቤት ሰው ይመለሳል። በቅርቡ ሌላ ሰፈር ያለ፣ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሳበት አንድ ትልቅ ቤት ወስደውኝ ነበር። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ያደነቁራል፣ አንድ ሰሃን ለሁለት አካፍሉን ስንል ፊታቸውን አጠቆሩ፣ ሒሳቡ ሲመጣ ያላዘዝነው ሰላጣ ተጨምሮበታል። ምግቡ መጥፎ አልነበረም። ግን ጎኔ ከተቀመጠችው ጓደኛዬ ጋር ለመነጋገር ስልክ ላይ መጻጻፍ ካለብኝ ለምን ከቤት ወጣሁ?

ሰዓቱን ግን ጠብቁ። ድሬ ላይ ምሳ እንደ አዲስ አበባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይለጠጥም። ሙቀት አለ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማለትም የጫት ቅሚያው፣ አለ፣ ሱቁም ዘግቶ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርሱ ትኩሱን ታገኛላችሁ። ስምንት ሰዓት የሄደ የሚያገኘው የተረፈውን ነው፣ ሩዙም በርዶ ይጠብቀዋል፣ ጎድንማ አይታሰብም። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቦታ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ለቡድን ቅዳሜ ይሻላል። ረመዳን ላይ ቀን ዝግ ነው፣ ከማፍጠሪያ በኋላ ይከፈታል።

የሚያናድደኝም አለ፣ ቤቷን ስለምወዳት ነው በግልጽ የምናገረው። የእጅ መታጠቢያው አንድ ብቻ ነው። በእጅ የሚበላ ምግብ እያቀረቡ ያን ሁሉ ሰው አንድ ቧንቧ ላይ ማሰለፍ ልክ አይደለም፣ ከበላን በኋላ ደግሞ እጃችን ስብ በስብ ሆኖ ቆመን ስንጠብቅ ሳሙናው አልቋል ይባላል። ሁለተኛው ነገር ሙቀቱ ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ከመደቡ በላይ ያለው ቆርቆሮ ይግላል፣ ያለው ማራገቢያ አንድ ነው፣ እሱም ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ዞሯል። አንድ ሁለት ማራገቢያ ቢጨመር ሰው ምሳውን በልቶ ሻሂውንም እዚያው ይጠጣ ነበር። ይህን ለባለቤቱ ነግሬአቸዋለሁ። «እሺ ሃጂ፣ ቢያንስ ሳሙናውን» አልኳቸው፣ ሳቅ ብለው «ኢንሻአላህ» አሉኝ። እየጠበቅኩ ነው።

ኪሎውም ጥያቄ አለው። ሒሳቡ የሚታሰበው ከመብሰሉ በፊት ባለው ሚዛን ነው ወይስ በበሰለው? እዚህ በበሰለው ነው፣ አጥንቱም አብሮ ይመዘናል። ሌላ ቤት ስትሄዱ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከምሳ በኋላ እኛ የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ከዚራ እንሄዳለን። ዛፎቹ መንገዱን ስለሚሸፍኑት ቀን ላይ በእግር መሄድ የሚቻልበት ሰፈር እሱ ነው። ስፕሪስ ጠጥተን፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ አካባቢ ዞር ዞር ብለን፣ በርጫ የሚሄደው ይሄዳል፣ ሌላው ጥላ ስር ተቀምጦ ያወራል። እሁድን ጨምራችሁ ሁለት ቀን ካላችሁ ሐረር ውጡ። ደንገጎን ሽቅብ ስትወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ አካባቢ ትኩስ ሳምቡሳ አይጠፋም። ሐረሪ ጓደኛ ያለው ሰው ደግሞ ቤት ተጋብዞ በአብሽ የሚሠራውን ሁልባት መረቅና ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ቢቀምስ ነው የምመኝለት፣ ምግብ ቤት ውስጥ እንደ ቤቱ የሚሆን አላጋጠመኝም።

ሀኒድ ቤቷ ከስምንት ሰው በላይ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሥጋው ምድጃ ሳይገባ ሰው ልካችሁ አስነግሩ። ቦታም ይያዝላችኋል፣ ታፋ ይሁን ጎድን ያኔ ትመርጣላችሁ። ክፍያ በጥሬ ብርም በቴሌብርም ይሆናል፣ ግን ቅዳሜ ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ጥሬ ብር ያዙ። ሳሙናም ከቻላችሁ።