ሐዋሳ ለምትሄዱ፦ ወፍ የሚያሳየውን ልጅ ጠይቁ

ሰሞኑን እናቴን ይዤ ሐዋሳ ሄጄ ነበር። ወፍ የማየቱ ሐሳብ የኔ ነው፤ እሷ የመጣችው ለአሳው ነው። ሐይቁ ዳር ያስጎበኘን ወጣት ግን ሁለታችንንም አስደስቶናል። በአደባባይ ላመሰግነው ብዬ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተገናኘን። ዋጋውን ገና ሳንነሳ ነገረን፣ በኋላም አልጨመረም። ያለው ቢኖኩላር አንድ ነው፤ እሱንም እናቴ ወርሳዋለች። «ማዘር፣ ቀስ ይበሉ፣ ስንቆም ነው የሚመጡት» ይላታል። ለጉልበቷ አስቦ መሆኑ ገብቶኛል። እሷ የወፍ ሕግ መስሏታል።

ውሃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል የምትራመድ ጃካና የምትባል ወፍ አሳየን። ጣቶቿ በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷ ይከፋፈላል፣ ቅጠሉ አይሰምጥም። እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው ሲላት እናቴ ቢኖኩላሩን አወረደች። «እስቲ ድገምልኝ?» ደገመላት። «ለአባትህ ደውልልኝ» አለችኝ።

ዛፍ ላይ ደግሞ ክንፏ ጥቁር የሆነ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አየን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር አትገኝም። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው።

ከዚያ አሞራ ገደል፣ የአሳ ገበያው። አሳ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያወርዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ደፍተው ተራ ይጠብቃሉ። እግራቸው ለምን ነጭ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሲሞቃቸው ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ይለቁና በሱ ይቀዘቅዛሉ አለን! እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ለፎቶ ብሎ የአሳ አንጀት እየወረወረ የሚሰበስባቸው ሰው አይጠፋም። የኛ ልጅ ግን አላደረገውም። አንድ ቡናማ አሞራ ርቆ ሲያልፍም «ይሄን አላወቅኩትም» አለ። ስም ፈጥሮ ቢነግረን ማን ያውቅበታል? እኔ ያመንኩት እዚያ ላይ ነው።

ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ አሞራ ገደል በር ላይ «ወፍ የሚያሳየው ልጅ» ብትሉ ይጠሩላችኋል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከሄዳችሁ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትን ወፎችም ያሳያችኋል። ቁርስ ግን በልታችሁ አትሂዱ፤ ጥሩ አሳ ጥብስ የት እንዳለም እሱን ጠይቁት።