ለአሮጌ ዴስክቶፕ፦ አንድ ራም መጨመር፣ ጥንዱን መቀየር ወይስ ኤስኤስዲ መግዛት?

ዴስክቶፕ ሲንቀራፈፍ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ምክር «ራም (ክፍት ፕሮግራሞችን ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) ጨምርበት» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት በየዕለቱ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ፣ ብሮውዘሩንም ከነታቦቹ፣ ክፈቱና ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ስር ያለውን «ሜሞሪ» ተመልከቱ። ከ80 በመቶ በላይ ተይዞ ከሆነ ራም ጎድሏል። ግማሹ ክፍት ሆኖ ሳለ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን የሚያዘገያችሁ ተሽከርካሪው ሀርድ ዲስክ ነው፤ ገንዘቡ ለሳታ ኤስኤስዲ (በሀርድ ዲስኩ ቦታ ለሚገባ፣ ለማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይዋል። ሁለቱም ሞልተው ከታዩ የመጀመሪያው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ራሙ ነው፦ ቦታ ሲያጣ ዊንዶውስ ከራም የተረፈውን ወደ ዲስክ ስለሚያዘዋውር ዲስኩም አብሮ ይጨናነቃል።

4 ጊጋባይት ራምና ሀርድ ዲስክ ብቻ ያለው ኮምፒውተር ሁለቱንም ይፈልጋል። አቅም ለአንዱ ብቻ ከፈቀደ ኤስኤስዲውን እናስቀድማለን፤ ማሽኑ ሲነሳም፣ ፕሮግራም ሲከፈትም፣ ራም ሞልቶ ወደ ዲስክ ሲተላለፍም ልዩነቱ ይታያል። ኤስኤስዲ ቀድሞ ካለ ግን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት መሸጋገር ከሁሉ የሚሻል ግዢ ነው። ከ8 ወደ 16 መሄድ የሚጠቅመው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሳ ወይም ደርዘን ታቦች ከፍቶ ለሚሠራ ነው፤ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ትርፉ ትንሽ ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከተጫነባችሁ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሚገዛ ራም በሙሉ ይባክናል፤ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መቀየር አለበት።

ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የትኛውን ራም ነው?

ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ አካላት ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው። ከ«ዲዲአር» ቀጥሎ ያለው ቁጥር የራሙን ትውልድ ይናገራል፦

ዲዲአር2፦ 240 ፒን፣ 1.8 ቮልት
ዲዲአር3፦ 240 ፒን፣ 1.5 ቮልት፤ ዲዲአር3ኤል የሚባለው 1.35 ቮልት
ዲዲአር4፦ 288 ፒን፣ 1.2 ቮልት

ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 የፒናቸው ቁጥር አንድ ቢሆንም ከታች ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ይለያያል፤ አንዱ የሌላው ስሎት (ራም የሚሰካበት ቦታ) ውስጥ አይገባም። አልገባ ያለን ራም በጉልበት መጫን ስሎቱን ይሰብራል።

ያለውን ራም አውጥታችሁ ተለጣፊውን አንብቡ። «ፒሲ3-12800ዩ» (PC3-12800U) የመሰለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ከፒሲ ቀጥሎ ያለው 3 ዲዲአር3 መሆኑን ይናገራል። ትልቁን ቁጥር ለ8 ስታካፍሉት ፍጥነቱን ታገኛላችሁ፤ 12800 ማለት 1600 ነው፣ 10600 ማለት 1333 ገደማ፣ 19200 ደግሞ 2400። የመጨረሻው ፊደል ከሁሉ ይበልጣል። «ዩ» የተለመደው የዴስክቶፕ ራም ነው። «ኤስ» የላፕቶፕ አጭሩ ነው፤ በጣም ትናንሽ የሆኑ ዴስክቶፖች የሚወስዱት ይህን ስለሆነ ኬዙን ሳትከፍቱ አትግዙ። «አር» የሰርቨር ራም ነው። እጅግ ረክሶ የምታዩት 16 ጊጋባይት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፣ በተራ ዴስክቶፕ ላይም አይሠራም።

ሌላው የርካሽ ወጥመድ «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር2 እና ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር በሚወስድ ማዘርቦርድ ላይ አይነሳም። ሻጩ ያንን «ብቻ» ሳይነግራችሁ ሊያልፍ ይችላልና ራሳችሁ ጠይቁ።

የማዘርቦርዱ ጣሪያም አለ። ኤች61 ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ያለው ሁለት ስሎት ይዞ እስከ 16 ጊጋባይት ይወስዳል። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ትውልድ ያሉት የኢንቴል ኮር ዴስክቶፖች በአንድ ስሎት ከ8 ጊጋባይት በላይ አያነቡም። ጂ41 ቺፕሴት ያለው ደግሞ በጠቅላላው እስከ 8 ጊጋባይት ነው የሚወስደው፤ ለእሱ የሚገዛው ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 በሁለቱም ገጽ 16 ቺፖች የተደረደሩበት መሆን አለበት፣ 8 ቺፕ ብቻ ያለው አዲሱ ዓይነት አይነበብለትም። 6ኛ ትውልድ ላይ ዲዲአር3 የሚቀበል ማዘርቦርድ ካላችሁ 1.35 ቮልቱን ዲዲአር3ኤል ግዙ።

አንድ መጨመር ወይስ ጥንዱን መቀየር?

ሁለት ራሞች በዱዋል ቻናል ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንዴ ያነባል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ግራፊክስ ከዚያው ራም ስለሚቀዳ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ከአንድ ባለ 8 ይሻላሉ። ካርድ ካለ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

አሁን አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ካለና ሌላው ስሎት ባዶ ከሆነ መጨመር ያዋጣል። ፍጥነቱና ቮልቱ የሚመሳሰል ባለ 4 ጨምሩ፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ግን ባለ 8 ብትጨምሩ እንመርጣለን። 4 እና 8 አብረው ይሠራሉ፣ በኢንቴል ማሽኖች ላይም 8ቱ ጊጋባይት በዱዋል ቻናል፣ የቀረው 4 በነጠላ ይሄዳል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝግተኛው ይሮጣሉ።

ሁለቱም ስሎቶች በባለ 2 ጊጋባይት ከተያዙ መጨመር የለም፤ አውጥታችሁ ጥንድ ግዙ። አራት ስሎት ኖሮ አሮጌዎቹን ማቆየትም ያጓጓል፣ ነገር ግን ከየቦታው የተለቃቀሙ አራት ራሞች ከሁለት ተመሳሳዮች ይልቅ ችግር ያመጣሉ።

አዲስና ያገለገለ ሲወዳደሩ ደግሞ ለዲዲአር3 እኛ ያገለገለውን አንፈራም። ራም የሚሽከረከርም የሚያልቅም አካል የለውም፤ ሳምሰንግ፣ ሃይኒክስ፣ ማይክሮን ወይም ኪንግስተን ያገለገለ ሆኖ የመመለሻ ቀን ካለው፣ ስሙ ከማይታወቅ «አዲስ» ይሻላል።

ሲገጠም

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ፣ የተረፈው ኃይል ይውጣ። ኬዙን አጋድሙና ያልተቀባ ብረቱን ንኩ፤ ሰውነት ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ ያቃጥላል። የስሎቱን ክሊፖች ክፈቱ፤ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ የሚከፈተው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ቁርጧን ከስሎቱ ጋር አስተካክሉ፣ በሁለት አውራ ጣት ጫፍና ጫፉን እኩል ተጫኑ። ከምትጠብቁት በላይ ጉልበት ይፈልጋል፤ ክሊፑ ራሱ ቀጭ ብሎ ካልተዘጋ አልገባም። ጥንድ ከሆነ የትኞቹ ስሎቶች እንደሚጣመሩ የማዘርቦርዱ መመሪያ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜ ቀለማቸው አንድ ነው።

ስክሪኑ ጨልሞ ከቀረ ወይም ቢፕ ቢፕ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ራሙ በደንብ አልተቀመጠም። እንደገና ገመዱን ንቀሉና አውጡት፣ ወርቅማ ፒኖቹን አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሲደርቅ መልሱት። ካልሆነ አንድ በአንድ ሞክሩ፤ የትኛው እንደተበላሸ ወይም ስሎቱ እንደሆነ ይለያል። አሁንም ካልተነሳ ገመዱ እንደተነቀለ የማዘርቦርዱን ሲአር2032 ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጡ፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ወደ መጀመሪያው ቅንብር ይመለሳል፣ ሰዓቱን እንደገና መሙላት ይኖርባችኋል።

ዊንዶውስ 8 ጊጋባይት ተጭኗል ብሎ መጠቀም የሚቻለው ግን 4 ገደማ ነው ካለ፣ ኤምኤስኮንፊግ (msconfig የሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር መሣሪያ) ውስጥ «ቡት» ስር ባለው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ላይ «ማክሲመም ሜሞሪ» ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እዩና አንሱት። እዚያ ካልሆነ ባዮስ ውስጥ «ሜሞሪ ሪማፕ» «ኢኔብልድ» መሆኑን አረጋግጡ።

የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን አስኬዱት። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሞቹን ለየብቻ ፈትኑና ስህተት ያሳየውን መልሱት፤ ዛሬ ዝም ቢል ነገ ፋይል ያበላሻል።