ለዩኒ አሲስት የሚከፈለው 75 ዩሮ ምን ያስገኛል?

ጀርመን አገር ማስተርስ ለመማር የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍያ የሚፈጽመው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን በርሊን ለሚገኘው ዩኒ አሲስት ነው። ከ150 በላይ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር አመልካቾችን ሰነድ በዚህ ድርጅት በኩል ያስመረምራሉ። ድርጅቱ ማስረጃው ጀርመን ውስጥ ተቀባይነት እንዳለው ያጣራል፣ ነጥቡን ወደ ጀርመን አሰጣጥ ይቀይራል፣ ከዚያም ፋይሉን ወደ ዩኒቨርሲቲው ያስተላልፋል። የመቀበሉ ውሳኔ የዩኒቨርሲቲው ነው። ብዙ ሰው «ማመልከቻዎ ተላልፏል» የሚለው ኢሜይል ሲደርሰው አለፍኩ ብሎ ቤተሰቡን ያበስራል፤ ገና ነው።

በአንድ ሴሚስተር ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ምርጫ 30 ዩሮ ይከፈላል። ሁለት የትምህርት ዘርፎች አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሆኑም እንደ ሁለት ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ሦስት ምርጫ 135 ዩሮ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደገና ካመለከታችሁ ስሌቱ ከ75 ይጀምራል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የየትምህርት ክፍሉን ገጽ ማየት ግድ ነው፤ በራሳቸው ፖርታል በቀጥታ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፣ ለእነዚያ ዩኒ አሲስት አያስፈልግም።

ገንዘቡ ሳይገባ ፋይሉ አይታይም። ከኢትዮጵያ ለሚልክ ሰው ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በባንክ ሲላክ መሀል ላይ ያሉ ባንኮች የአገልግሎት ዋጋቸውን ከሚላከው ላይ ሊቆርጡ ይችላሉ፤ 75 የተባለው ጎድሎ ይደርስና ፋይሉ ቆሞ ይጠብቃል። ባንኩን የመላኪያው ወጪ በሙሉ በላኪው እንዲሆን ጠይቁ፣ የአመልካች ቁጥራችሁንም ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ አጽፉ። ውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም እህት ካለ ግን በካርድ ቢከፍልላችሁ ይሻላል፤ ከባንክ ወረፋው ትገላገላላችሁ።

ነጥብ እንዴት እንደሚቀየር ማወቅ ደግሞ ከንቱ ወጪ ያድናል። በጀርመን 1.0 ከሁሉም የበለጠ ውጤት ሲሆን 4.0 ማለፊያ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ4 ላይ ሲጂፒኤያችሁን ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። ለ2 የሚካፈለው የእኛ ከፍተኛ ነጥብ 4፣ ዝቅተኛው መመረቂያ 2 ስለሆነ ነው። 3.6 ያለው 1.6 ይሆናል፣ 3.2 ያለው 2.2፣ 2.8 ያለው እዚያው 2.8 ይቀራል። «ቢያንስ 2.5» የሚል ትምህርት ክፍል እንግዲህ በእኛ ቋንቋ 3.0 እየጠየቀ ነው። 2.9 ይዞ እዚያ 75 ዩሮ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ሰነዱ ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። የእኛ ሬጅስትራሮች ለተመራቂው ስቱደንት ኮፒ ይሰጣሉ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ግን አሽገው በቀጥታ ለተቋም ነው የሚልኩት። ዩኒ አሲስት ላይ ደግሞ ሰነዱን የሚጭነው አመልካቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ስቱደንት ኮፒው ላይ ማኅተሙና ፊርማው በደንብ መውጣቱን ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሳላችሁ አረጋግጡ። ስካኑ በቀለም ይሁን፤ በጥቁርና ነጭ ሲሆን ሰማያዊው ማኅተም ከጽሑፉ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። የነጥብ አሰጣጡ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ጀርባ ስለሚታተም ጀርባውም ስካን ተደርጎ በአንዱ ፒዲኤፍ ይግባ። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ተመራቂ በእጁ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ብቻ ነው፤ በቴምፖ ማመልከት ይቻል እንደሆነ ትምህርት ክፍሉን በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የ12ኛ ክፍል ውጤትም ለማስተርስ ቢሆን ሊጠየቅ ስለሚችል አብሮ ይዘጋጅ።

ስም ሌላ ጣጣ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የአባትና የአያት ነው ያለን። ፓስፖርቱ ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደተጻፈ አይታችሁ ልክ እንደዚያው ሙሉ። ዲግሪው ላይ የአያት ስም ከሌለ ወይም የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከፓስፖርቱ አንድ ፊደል ከተለየ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ አውጡና ጨምሩ።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ጊዜ ነው። ምርመራው በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በኦክቶበር ለሚጀምረው የጀርመን ክረምት ሴሚስተር የተለመደው ማብቂያ ጁላይ 15፣ ለበጋው ጃንዋሪ 15 ነው፤ ብዙ የእንግሊዝኛ ማስተርሶች ግን ቀድመው ይዘጋሉ። ዩኒ አሲስት ራሱ 8 ሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ ይላል፤ ምክሩን ተቀበሉት። የጎደለ ሰነድ ሲገኝ በኢሜይል ያሳውቃሉ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ማሟላት የሚቻለው ግን ያ ኢሜይል በጊዜ ከደረሰ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የገባ ፋይል ይህን ዕድል አያገኝም።

እንደ ሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ ፋውፔዴ (VPD) የሚባለውን የቅድመ ምርመራ ወረቀት ብቻ ነው ከዩኒ አሲስት የሚፈልጉት። ወረቀቱ ለእናንተ ይላካል፣ ማመልከቻውን በዩኒቨርሲቲው ፖርታል ላይ ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ከዩኒ አሲስት በኩል አልቋል ብሎ ይህን ሁለተኛ እርምጃ የረሳ ሰው ከፍሎም አላመለከተም።

ሰነዱ ሙሉ ለሆነ፣ ነጥቡን አስቀድሞ ላሰላ ሰው 75 ዩሮው ተገቢ ዋጋ ነው፤ አንዴ የተጫነው ሰነድ ለሌሎቹ ምርጫዎችም ስለሚያገለግል ከሁለተኛው ጀምሮ ሥራው ይቀላል። ነጥቡ ላልሞላና ለዘገየ ግን ገንዘቡ አይመለስም። የክረምቱ ሴሚስተር ትምህርት በኦክቶበር ይጀመራል፤ የቅበላው ደብዳቤ በኦገስት ከመጣ ለቪዛ ቀጠሮና ለዝግ አካውንቱ (ለቪዛው የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ አስቀድሞ የሚገባበት ሒሳብ) 11,904 ዩሮ የሚተርፈው ጊዜ ሁለት ወር አይሞላም። ስለዚህ ስቱደንት ኮፒውን ለማውጣት ሬጅስትራር የሚኬደው ከጥር በፊት ነው።