«የአዳማ ሙቀት ነው» ቢሏችሁ አትመኑ፦ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ለምትገዙ

ወገን፣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ብር እያሰባሰባችሁ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። በተለይ አርቲኤክስ 3080፣ 3080 ቲአይ ወይም 3090 ከሆነ። የምጽፈው ማታ ማታ ጌም ለሚጫወት ሰው ብቻ አይደለም። እንደኛ የቤት ዲዛይን ሬንደር ለምትሠሩ (ዲዛይኑን ወደ ምስል ለምትቀይሩ)፣ ቪዲዮ ለምታቀናብሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ሆናችሁ የኤአይ ሞዴል ለምታሠለጥኑ ነው። ባጭሩ ካርዱን ለሰዓታት ሙሉ ጭነት ላይ ለምታቆዩት።

ለቢሮ አንድ 3080 ገዛን። ሻጩ እዚሁ አዳማ ሱቅ አለው፣ ቴሌግራም ላይም ይለጥፋል። ስሙን አልጽፍም። እሱን ስማችሁ ብታልፉት እንኳ ያው ማስታወቂያ ሌላ ቦታ ይጠብቃችኋል፦ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የመጣ፣ ጌም ብቻ የተነካ፣ ከነካርቶኑ»። ሱቁ ውስጥ ካርዱን የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የመኪና ጌም ከፈተልን። ምስሉ ጥርት ያለ፣ የፋኑ ድምፅ የማይሰማ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ የተጻፈው ሙቀት 61 ዲግሪ። ባልደረባዬ «የሜሞሪውስ?» ብላ ጠየቀችው። «እህቴ፣ 61 ነው እያለሽ እኮ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

ጉዱ የወጣው ቢሮ ወስደን ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ አንድ ሳሎን ሬንደር ስናስገባ ነው። መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ይጀምራል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሬንደሩ ይንቀረፈፋል፣ ሲብስበት ደግሞ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋና ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ ፋኑ ብቻ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ ይቀራል።

ደወልን። መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር የሚጠብቀን፦ «ብሮ፣ የአዳማ ሙቀት ነው። ኤሲ አስገቡ።»

ይሄን መልስ ዝም ብዬ አላልፈውም፣ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለበት፤ ሰውም የሚሸወደው በእሱ ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ በበጋው መጨረሻ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፣ ክፍሉ 10 ዲግሪ ሲሞቅ ካርዱም ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከፍታውም አለ። ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ በዚያው ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፣ አየሩ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። (በዚህ ሒሳብ አዲስ አበባ ከኛ ትብሳለች፣ ግን ብርዷ ይክሳታል።) አቧራውማ አይወራም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ፣ መስኮት ከፍተን ከዋልን አቧራውን ኬዛችን ውስጥ አስቀምጦልን ይሄዳል።

ግን የአየር ሙቀት መርጦ አያሞቅም። ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ነው ከፍ የሚያደርገው። የእኛ ካርድ ደግሞ መርጦ ነው የሚሞቀው።

ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ትንሽ ነው፣ አውርዱት። ሴንሰር የሚለውን ገጽ ስትከፍቱ እንደ 3080 ያለ ካርድ ሦስት የሙቀት ቁጥር ያሳያችኋል። አንዱ የዋናው ቺፕ ነው፣ ሻጭ ሁሉ የሚያሳየው እሱን ነው። ሁለተኛው «ሆት ስፖት» የሚለው ነው፣ ከዚያው ቺፕ ላይ በጣም የጋለው ነጥብ። ሦስተኛው የሜሞሪው ነው። የእኛ ካርድ ሬንደር ላይ ዋናው ቺፕ 74፣ ሆት ስፖቱ 86፣ ሜሞሪው 110 ዲግሪ! ዋናው ቺፕና ሆት ስፖቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢለያዩ ጤናማ ነው። ልዩነቱ ከ20 በደንብ ካለፈ ቴርማል ፔስቱ (ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አሻጋሪ ቅባት) ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ (ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያወጣው ብረት) በደንብ አልተጫነም ማለት ነው። የእኛ እዚህ ላይ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ ሜሞሪው ላይ ነው። 110 ሲደርስ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቆርጣል። ያ ሁሉ መንቀርፈፍ ከዚህ የመጣ ነበር።

ለማረጋገጥ የኬዙን ጎን ከፍተን የወለል ቬንትሌተር ፊት ለፊቱ አቆምን። ዋናው ቺፕ በብዙ ዲግሪ ወረደ። ሜሞሪው ንቅንቅ አላለም። ማታ ክፍሉ ሲቀዘቅዝም ያው 110። ጥፋቱ የአየሩ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው ይወርዱ ነበር። ይሄ ሙከራ ምንም ብር አያስወጣም፣ ያልኩትን አትመኑ፣ ራሳችሁ ሞክሩት። ቀዝቃዛ አየር እየመታው አንዱ ቁጥር ሲወርድ ሌላው ካልወረደ፣ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ ሂትሲንኩ የሚሻገርበት መንገድ ተቋርጧል ማለት ነው። ኤሲ አይደለም ፍሪጅ ውስጥ ብትከቱት አይድንም።

ለምን ሜሞሪው ብቻ? እዚህ ላይ የካርዱ ታሪክ ይመጣል። 3080 የወጣው በፈረንጆቹ 2020 ሲሆን ጂዲዲአር6ኤክስ የሚባል ፈጣን ግን በጣም የሚሞቅ ሜሞሪ ነው ያለው። በዚያን ሰሞን ዓለም በእነዚህ ካርዶች ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ማይን ሲያደርግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት ሲያመርት ነበር። ኢቴሪየም ማይኒንግ ደግሞ ዋናውን ቺፕ ብዙም አያስጨንቀውም፣ ሥራው በሙሉ ሜሞሪው ላይ ነው። ስለዚህ ማይነሮች መብራት ለመቆጠብ የዋናውን ቺፕ ፍጥነት ይቀንሱና የሜሞሪውን ከፍ ያደርጉታል፤ ካርዱ በዚህ ሁኔታ ሌት ተቀን ይሠራል። በመስከረም 2015 ዓ.ም፣ ማለትም በፈረንጆቹ 2022፣ ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር እሱን በግራፊክስ ካርድ ማይን ማድረግ በአንድ ቀን ቀረ። የተረፉት ካርዶች ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ጎረፉ። ማይኒንግ ላይ የነበረ ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው አልልም፣ በደንብ የተያዘ አለ፣ እኛም አውቀን ልንገዛው እንችል ነበር። ግን «ጌም ብቻ የተነካ» ብሎ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ሻጩ በሁለተኛው ስልክ ወደ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ዞረ። «አቅም አንሶት ነው» አለ። ይሄንንም ማወቅ ጥሩ ነው። ለ3080 የቺፑ ባለቤት ኤንቪዲያ ራሱ የሚመክረው 750 ዋት ነው፣ እኛ ጋ ከዚያ በላይ አለ። ፓወር ሰፕላይ ሲከዳ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ በሙሉ ቀጥ ይላል ወይም ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ ሙቀት ቢኖር ባይኖርም። ቀስ በቀስ እየሞቁ፣ እየቀነሱ፣ ከዚያ ስክሪን መጥፋት የፓወር ሰፕላይ ጠባይ አይደለም።

ካርዱን ሳንከፍት ይዘንለት ሄድን። ይሄን አስምሩበት፦ ሳትከፍቱ። ብሎኑ ላይ የራሱን ስቲከር ለጥፎበታል፣ እሱ ከተቀደደ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ማለቱ አይቀርም። ስቲከሩ ደህና ሆኖም አልተቀበለንም፣ «ቼክ አድርጋችሁ ነው የወሰዳችሁት» አለ። በዚህ መካከል ባልደረባዬ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ካርዱ ላይ ካለው ጋር አስተያየችው። አይገናኝም። ካርቶኑ የሌላ ካርድ ነው። «መጋዘን ውስጥ ተቀያይሮ ነው» ተባልን። እሺ።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ከፈትነው። ሜሞሪ ቺፖቹና ሂትሲንኩ መሀል ቴርማል ፓድ የሚባል ለስላሳ ንጣፍ አለ፣ ሙቀቱን የሚያሻግረው እሱ ነው። ፓዱ የፋብሪካው አልነበረም፤ አንድ ሰው ቀይሮታል፣ ግን በቀጭን። ፓድ በደንብ ሲጫን የቺፑ ቅርጽ ይታተምበታል። የእኛው ላይ ገሚሱ ታትሞበታል፣ ገሚሱ እንደ አዲስ ልሙጥ ነው። ልሙጦቹ ሂትሲንኩን ነክተውት አያውቁም። ከሥር ደግሞ የድሮው ፓድ የለቀቀው ዘይት ቦርዱ ላይ ወዝቶ ይታያል። ውፍረቱ እንደ ካርዱ ሞዴል ይለያያል፣ አንዳንዴም በአንዱ ካርድ ላይ ራሱ እንደ ቦታው። ግማሽ ሚሊሜትር መሳሳት ክፍተት ይፈጥራል፣ ግማሽ ሚሊሜትር መወፈር ደግሞ ሂትሲንኩን አንስቶ ዋናውን ቺፕ ያስጠብሳል። ስለዚህ ማንም ሰው «ፓድ ልቀይርልህ» ቢላችሁ መጀመሪያ ለዚህ ሞዴል ስንት ሚሊሜትር እንደሚያስገባ ጠይቁት። «ያው ነው» ካለ ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የ61 ዲግሪው ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ ባልደረባዬ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ቀርጻ ነበር። አስፍተን ስናየው ከሙቀቱ ጎን ሌላ ቁጥር አለ፦ 190 ዋት። 3080 ሙሉ ጭነት ላይ 320 ዋት ነው የሚበላው። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ኃይል ቀድሞ አንቆታል፤ ባያንቀውም እንኳ 60 ኸርዝ ስክሪን ላይ የተከፈተ ቀላል ጌም ካርዱን ላብ አያስወጣውም። ከጉልበቱ 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ይዞ ሲሮጥ ነው ያሳየን። ቅንብሩ የቀረው ደግሞ እሱ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ካርዱ ወደኛ ሲመጣ ሙሉውን ኃይል ጠጣ፣ እውነቱም ወጣ።

እንግዲህ ስትገዙ የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ብሌንደር ነፃ ነው፣ ከበድ ያለ ሬንደር ይኑራችሁ፣ ጂፒዩ-ዚም አብሮ ይኑር። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ ይሂድ፣ ሻጩ ቡና ይጋብዛችሁ። እየሄደ ሳለ ሜሞሪውን እዩ፣ ዋቱን እዩ። ዋቱ ለዚያ ሞዴል ከሚጠበቀው በጣም ካነሰ አፍተርበርነር ይከፈትና የፓወር ሊሚቱ (የኃይል ጣሪያው) መስመር 100 በመቶ ላይ ይደረግ። ሜሞሪው ከ100 በታች ከቆየ ሰው ነው፤ 106፣ 108 እያለ እየወጣ ከሆነ የቀረውን አትጠብቁ። «መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ጊዜ የለኝም» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

3060 ወይም 3070 ከሆነ የምትገዙት ሜሞሪያቸው ተራው ጂዲዲአር6 ነው፣ ያንን ያህል አይሞቅም፣ ግን ጂፒዩ-ዚ ላይ የሜሞሪ ሙቀት አታገኙም። እዚያ ሆት ስፖቱንና ምስሉ ላይ የሚመጣ ነጠብጣብን ነው የምታዩት። 3090 ደግሞ በጀርባውም በኩል ሜሞሪ ስላለው ከ3080ም ይብሳል፣ የኋላ ሳህኑ እጅ አያስነካም። ሊኑክስ ላይ ለምትሠሩ ተማሪዎች አንድ ነገር፦ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የሚባለው የካርድ መከታተያ ትእዛዝ የሚያሳያችሁ የዋናውን ቺፕ ሙቀት ነው፣ በነዚህ የጌም ካርዶች የሜሞሪውን አያወጣም። 70 ዲግሪ እያያችሁ ሥልጠናው ለምን እየቀነሰ እንደሆነ ግራ ከገባችሁ ካርዱን ዊንዶውስ ላይ አስገብታችሁ ፈትሹት።

ደረሰኝ ደግሞ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ እንጂ ውለታ አይደለም። ደረሰኙ ላይ «ግራፊክስ ካርድ» ብቻ ሳይሆን ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። ቴሌግራም ላይ ያለውን ማስታወቂያ ስክሪንሾት ያዙት፣ ዕቃው ሲሸጥ ይጠፋል፣ የእኛውም ጠፍቷል።

ካርዱ ካለባችሁና ሻጩ እምቢ ካላችሁ አትጣሉት። እኛ ልኩን ፓድ ከአዲስ አበባ አስመጥተን እስኪደርስ ፓወር ሊሚቱን 70 በመቶ ላይ አውርደን ሠራንበት፣ ሬንደሩ የሚዘገየው ከምትገምቱት በጣም ያነሰ ነው። ፓዱ ከተቀየረ በኋላ ሜሞሪው ቀን ላይ፣ በዚሁ በአዳማ ሙቀት፣ ያለ ኤሲ 90 አካባቢ ነው።

ልጁ አሁንም «ጌም ብቻ የተነካ» እያለ እየለጠፈ ነው፣ ሰሞኑን ሁለት 3090 አውጥቷል። ፍራንኮ ሰፈርም ሁኑ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ልትገዙ ስትሄዱ የመሞከሪያ ፋይል ከሌላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የእኛን ሳሎን እልክላችኋለሁ።