ለአሮጌ ግድግዳ የከረጢት ኖራ፦ ግምገማ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤት አዳሾች

በደሴ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ከሲሚንቶው ጎን የሚደረደረውን የከረጢት ኖራ ብዙ ሰው የሚገዛው አጥርና የዛፍ ግንድ ሊቀባበት ነው። አሮጌ ቤት ለሚያድስ ሰው ግን መደብሩ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ከአምስት አራት ነጥብ እንሰጠዋለን። አንዷን ያስቀነሰው አሻሻጡ ነው፦ ኖራው መቼ ተመረተ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ክረምት ከረመ ብሎ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ ከስንት አንድ ነው፤ የግንባታውንና የእርሻውን ኖራ የሚለይ ሻጭም ብዙ አይደለም።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴን መቀመጫቸው ካደረጓት ጀምሮ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ የተሠሩት ቤቶች ባመዛኙ ወይ በእንጨት ቆመው በጭቃ የተመረጉ ናቸው፣ ወይ ድንጋያቸው በጭቃ የተገነባ። ሁለቱም ግድግዳዎች ክረምት የጠጡትን እርጥበት በጋ መልሰው ያወጣሉ፤ ቤቱን ያቆየውም ይኸው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ዘመን የተሠሩት ግን፣ ፒያሳ አካባቢ እንዳሉት፣ ከመጀመሪያው ሲሚንቶ ሊኖርባቸው ይችላል። የድሮውን ልስን በምስማር ጫሩት። እየተፈረፈረ ከወረደ ኖራ ወይም ጭቃ ነው፤ ምስማሩ ጭረት ብቻ ትቶ ካለፈ ሲሚንቶ ነው፣ እሱ በራሱ በሲሚንቶ ይጠገን።

የጭቃ ቤት በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ነው፤ ቤት የሚጨርሰውም ይኸው ልማድ ነው። ግድግዳው ላይ የዶሮ ሽቦ ይመታል፣ ሲሚንቶው ይለጠፋል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ያምራል። ከዚያ ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ክፍል ቀለሙ መላጥ፣ ልስኑም መሰንጠቅ ይጀምራል። በጣት አንጓ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በሲሚንቶው ማለፍ ሲያቅተው ከኋላው ታጉሮ ጭቃውን ያላሽቃል፣ የቋሚዎቹን እግር ያበሰብሳል። ልስኑ ሲነሳ ሽቦው ዝጎ ተበጣጥሶ፣ ጥዱ ቋሚ ሳይቀር በጥፍር የሚፈረፈር ሆኖ ይገኛል። ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ደግሞ ምስጥ አለ። እርጥብ እንጨትና ከብርሃን የተከለለ መንገድ ካገኘ እስከ ማገሩ ይወጣል፤ ግድግዳው ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አልሆነም።

ኖራ ሲገዛ ሎሚ ይዞ መሄድ ነው። ለአሲዳማ መሬት የሚበተነው የእርሻ ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በእሳት ስላላለፈ የቱንም ያህል ቢቦካ አይይዝም። ለግድግዳ የሚሆነው ተቃጥሎ በውሃ የጠፋው፣ ማለትም ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነው ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። አንድ ማንኪያ ዱቄት ሳህን ላይ አድርጋችሁ በትንሽ ውሃ አርጥቡና ሎሚ ጨምቁበት። ቀድሞ ማርጠቡ በዱቄቱ መሐል ያለው አየር አረፋ መስሎ እንዳያታልል ነው። አረፋው ቡፍ ብሎ ከተነሳ ወይ የእርሻ ኖራ ነው፣ ወይ መጋዘን ውስጥ አየርና እርጥበት ገብቶት ሞቷል፤ ተዉት። ትንሽ ብቻ ቡልቅ ብሎ ዝም ካለ ግዙ።

ቤት ሲደርስ የላስቲክ በርሜል ውስጥ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዱቄቱ ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ተገላቢጦሹ ያቧንናል፣ ዓይን ውስጥም ይገባል። ሁለት ጣት ያህል ውሃ ከላዩ ቆሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ጊዜ ካለ ሁለት ይቆይ። እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን በወንፊት ይውጣ፤ ያልጠፋች ፍሬ ግድግዳ ውስጥ ከገባች ከወራት በኋላ አብጣ ልስኑን በስታ ትወጣለች። ድንጋይ ድንጋዩን፣ ያልጠፋውን ኖራ ግን ለማያውቅ ሰው አንመክርም፦ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ክዳኑ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ከሆነም አደጋ ነው። የጠፋውም ቢሆን ቆዳ ይልጣል። ጓንትና መነጽር ይደረግ፤ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ለድንጋይ ግድግዳ ልኩ አንድ ባልዲ የተቦካ ኖራ ለሦስት ባልዲ አሸዋ ነው። አሸዋው ሻካራ ይሁን፤ እርጥቡን በመዳፍ ጨምቃችሁ ስትለቁት እጃችሁን ጭቃ ካደረገው ይታጠብ። ኖራው ራሱ ውሃ ስለያዘ ሌላ ውሃ መጨመር ብዙም አያስፈልግም፤ የበዛ ውሃ የሚወጣው በስንጥቅ ነው። ግድግዳው ይርጠብ፣ የመጀመሪያው ልባስ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሳይደርቅ ይጫር። ሁለተኛው ቢያንስ ከሳምንት በኋላ፣ በግማሽ ውፍረት ይሂድ። እዚህ ላይ ግንበኛው «አይዝም እኮ፣ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት» ማለቱ አይቀርም። እንዳትሰሙት። ጥቂት ሲሚንቶ የገባበት ኖራ እንደ ሲሚንቶ አይጠነክርም፣ እንደ ኖራም እርጥበት አያሳልፍም። ኖራ የሚደርቀው ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ፣ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ግንበኛው በቁርጥ ዋጋ ከያዘው ያስቸኩለዋልና ለኖራ ሥራ የቀን ሒሳብ ይሻላል። በከረጢት ያተረፋችሁት ገንዘብ በእጅ ዋጋ ይሄዳል፤ እሱን ቀድሞ ማወቅ ነው።

በእንጨት የቆመ ጭቃ ቤት ላይ ግን ኖራ በወፍራሙ አይለሰንም፤ ጭቃው ሲላወስ ይላቀቃል። ምርጊቱ በጭቃ ተጠግኖ ኖራው በቀጭኑ ይቀባል። አፈሩ ዋልካ አይሁን፣ ደርቆ ይሰነጠቃል። የረጠበ አፈር በአውራ ጣት ውፍረት አድቦልቡሉና ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየገፋችሁ አውጡት፦ 5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል፣ ከ15 ካለፈ ሸክላ በዝቶበታልና አሸዋ ይግባበት። ለሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ የጤፍ ጭድ ይበቃዋል። በየሁለት ሦስት ቀኑ እየተረገጠ፣ ተሸፍኖ ሁለት ሳምንት ይቡካ። ማሳረጊያው የተነፋ አፈር፣ የደቀቀ ጭድና እበት ነው። ፈጽሞ ሲደርቅ ግድግዳውን እያረጠባችሁ የቀጠነ ኖራ አራት አምስት ጊዜ፣ በአንድ አንድ ቀን ልዩነት ቀቡት። አንዴ አወፍሮ መቀባት መላጥን መጋበዝ ነው። ከላዩ ኳርትዝ ወይም ዘይት ቀለም ካለበሳችሁት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሁለቱም እርጥበቱን እንደ ሲሚንቶው ያግዱታል።

ወቅቱ ለደሴ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ገና ነው። ያልደረቀ ኖራ ውርጭ ካገኘው ይረግፋል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግረው ፀሐዩ ስለሆነ እርጥብ ጆንያ ጋርዱበት፤ ለሳምንት ያህል ጠዋት ማታ ውሃ እርጩበት። በአንድ ቀን የደረቀ ኖራ እጅ ሲነካው ዱቄት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ውሃው ካልተያዘ ዋጋ የለውም። ደሴ ቁልቁለት ናት፤ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ጎርፍና አፈር የሚያርፈው በቤቱ የላይ ጎን ነው። የተከመረው አፈር ይነሳ፣ ቦይ ይቆፈር፣ አሸንዳው ይታይ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከቤቱ ወለል በላይ የሆነበት ሰፈርም አለ፤ እዚያ ከልስኑ በፊት ቦዩ ይቅደም። የበሰበሰ ቋሚ እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ በደረቀ ጥድ ይቀጠል፣ ከሥሩም ድንጋይ ይግባለት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይጣመማል፤ ልስኑንም ይዞት ይሄዳል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች የአንዱ ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፤ ወጪው ከኪራይ ይታሰብ እንደሆነም በዚያው ይጻፍ። እንደ አይጠየፍ አዳራሽ ወይም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውን የደሴ ሙዚየም ያለ ቅርስ ግን በጎ ፈቃደኛም ሆነ ኮሚቴ በራሱ የሚጠግነው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የሚሠራው የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ማመልከቻው ላይ የግድግዳው ፎቶ፣ ከድሮው ልስን የተነሳ ናሙናና የምትጠቀሙበት ኖራ ዓይነት አብሮ ይግባ።